ማደስ ወይስ መተው? በአማካሪ እጅ ያለ የመምህርነት ፈቃድ

አሜሪካ ውስጥ ከማስተማር ወደ ትምህርት ቤት አማካሪነት የተሻገረ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ውሳኔ ይጠብቀዋል። ማስተርሱን ጨርሷል፣ የልምምድ ሰዓቱን ሞልቷል፣ በሩ ላይ «ካውንስለር» የተጻፈበት ክፍል ተሰጥቶታል። የመምህርነት ላይሰንሱ ግን አሁንም በስሙ አለ፤ የሚያበቃበት ቀንም ተጽፎበታል። ቀኑ ሲቃረብ ያድሰው ወይስ ይተወው?

ጉዳዩ የወረቀት ይመስላል፤ ለእኛ አገር ሰው ግን ከዚያ ያልፋል። ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ዲግሪውን ይዞ የመጣ ሰው ያንን ፈቃድ ያገኘው ትራንስክሪፕቱን አስልኮ፣ የወሰደውን ትምህርት ኮርስ በኮርስ አስመዝኖ፣ የጎደለውን ክሬዲት ኮሌጅ ገብቶ አሟልቶ፣ ፕራክሲስን ወይም ግዛቱ የሚጠይቀውን ሌላ ፈተና አልፎ ነው። ሌሊት ፓርኪንግ እየጠበቁ ወይም ታክሲ እየነዱ፣ ቀን ያለ ደመወዝ የማስተማር ልምምድ የሠሩም አሉ። እንዲህ የተለፋበትን ነገር ጊዜው አልፎበታል ሲሉት መስማት ያማል። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ውሳኔውን ብቻውን እንዲወስን ግን መተው የለበትም። ይታደስ የሚሉትም ይቅር የሚሉትም የሚደመጥ ነገር አላቸው።

ከሁሉ በፊት ዋጋው ይታወቅ። በዚህ ጉዳይ ሰው የሚመካከረው ብዙውን ጊዜ በጓደኛው ታሪክ ነው፤ ጓደኛው ደግሞ የሚኖረው ሌላ ግዛት ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ የመምህራንን ፈቃድ የሚሰጠው ፌዴራል መንግሥቱ ሳይሆን እያንዳንዱ ግዛት ነውና፣ ለአንዱ ከባድ የሆነው ለሌላው ምንም ላይሆን ይችላል።

ቨርጂኒያን እንውሰድ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ መምህር የነበረ ሰው አማካሪ ሲሆን፣ አማካሪነቱ በዚያው ላይሰንስ ላይ እንደ ተጨማሪ የሙያ ዘርፍ ይመዘገብለታል። የሚያድሰው አንድ ፈቃድ ነው። እስከ 2018 ድረስ የሚታደሰው ላይሰንስ ዕድሜ 5 ዓመት፣ የሚጠየቀውም 180 ነጥብ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሜው 10 ዓመት፣ ነጥቡ 270 ሆኗል። አንድ የኮሌጅ ክሬዲት 30 ነጥብ ስለሚያስገኝ ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ ብቻውን 90 ነጥብ ይሆናል። ስለዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ለቀድሞ መምህር «ላድሰው ወይ» የሚለው ጥያቄ ከሞላ ጎደል የለም። ሳያስተምር በቀጥታ በአማካሪነት ማስተርስ የገባው ሰው የሚይዘው ደግሞ ለአማካሪዎች፣ ለትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስቶችና ለሶሻል ወርከሮች የተዘጋጀውን የተማሪ አገልግሎት ፈቃድ ነው። እሱም የሚያድሰው የመምህርነት ፈቃድ የለውም።

ቴክሳስ ውስጥ ሰርተፊኬቶቹ የተለያዩ ናቸው፤ የሚታደሱት በየ5 ዓመቱ ነው። መምህር 150 ሰዓት ይጠየቃል፣ አማካሪ 200 ሰዓት። ሁለቱንም የያዘ ሰው 350 አይጠየቅም፤ ከፍተኛው ማለትም 200ው ይበቃዋል። ዳላስና ሂውስተን ያሉ ወገኖቻችን ይህን ቢያውቁት ብዙ ጭንቀት ይቀርላቸዋል። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1999 በፊት የዕድሜ ልክ ሰርተፊኬት የወሰዱት አንጋፋዎችማ ከዚህ ሁሉ ነፃ ናቸው።

ማሳቹሴትስ ላይ ተጨማሪ ዋጋ አለ። ባለ ሙሉ ደረጃው ፈቃድ በየ5 ዓመቱ ሲታደስ ለዋናው 150 ነጥብ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ፈቃድ ደግሞ 30 ነጥብ ይጠየቃል። አማካሪነቱን ዋና፣ መምህርነቱን ተጨማሪ ያደረገ ሰው መምህርነቱን ለማቆየት የሚከፍለው በ5 ዓመት 30 ነጥብ ነው ማለት ነው።

ካሊፎርኒያ ወረቀቶቹን ለየብቻ ነው የምታስቀምጣቸው፤ የመምህርነት ክሬዴንሻል አንድ፣ የአማካሪነቱ ሌላ። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ የጸደቀ ክሬዴንሻል ያለው ሰው ከ2007 ጀምሮ ለማደስ የሥልጠና ሰዓት አይጠየቅም፤ በየ5 ዓመቱ በኢንተርኔት ማመልከትና ክፍያውን መፈጸም ብቻ ነው የሚጠበቅበት። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የጀማሪውን ክሬዴንሻል እንደያዘ ወደ አማካሪነት የዞረ መምህር እሱን ለማጽደቅ የሚያስፈልገው የጀማሪ መምህራን ፕሮግራም በአብዛኛው ክፍል ውስጥ እያስተማሩ የሚፈጸም ነው። አማካሪ ክፍል ስለሌለው የጀማሪው ፈቃድ የሚጸናበት አምስት ዓመት ሳይጸድቅ ሊያልቅበት ይችላል። ወደ አማካሪነት ለመዞር የሚያስብ መምህር መጀመሪያ ክሬዴንሻሉን አጽድቆ ቢወጣ ይሻለዋል።

ወደ ክርክሩ ስገባ፣ ይታደስ የሚሉት ወገኖች ትልቁ ማስረጃቸው በጀት ነው። በኮቪድ ዘመን ፌዴራል መንግሥቱ ለትምህርት ቤቶች 190 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አፈሰሰ፤ ብዙ የትምህርት ቤት ዲስትሪክቶችም በዚያ ገንዘብ አማካሪዎችን ቀጠሩ። የመጨረሻው ዙር ገንዘብ ውል የሚገባበት ቀነ ገደብ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ነበር። በኤፕሪል 2025 ደግሞ የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር ለትምህርት ቤቶች የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ተመድቦ የነበረ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የእርዳታ ገንዘብ እንደማይቀጥል አስታወቀ። ገንዘብ ሲያጥር ርዕሰ መምህሩ የሂሳብ ክፍሉን ያለ መምህር ሊተው አይችልም፤ የአማካሪ ወንበር ግን በሁለት ትምህርት ቤቶች ሊከፈል ወይም ጭራሽ ሊታጠፍ ይችላል።

የካሊፎርኒያ ሕግ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ቅነሳ የሚያሰጋው ሠራተኛ እስከ ማርች 15 የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። ቅነሳው የሚሄደው በቅጥር ቀደምትነት ነው፤ ቋሚ ሠራተኛ፣ ፈቃዱና ችሎታው ያለውን ሥራ ከእሱ በኋላ የተቀጠረ ሰው ይዞት እያለ ሊቀነስ አይችልም። አሥራ ሁለት ዓመት ያገለገለች አማካሪ የሥራ መደቧ ቢታጠፍ፣ የጸና የመምህርነት ክሬዴንሻል ካላት አምስት ዓመት ብቻ ያገለገለ መምህር የያዘውን ክፍል ልትጠይቅ ትችላለች። ክሬዴንሻሉ ከሌላት ወይም ካለፈበት አሥራ ሁለቱ ዓመት ክፍል ውስጥ አያስገባትም። ይሁንና «ችሎታ» የሚለው ቃል በሕጉ ውስጥ ያለ ምክንያት አልገባም። በቅርብ ዓመታት ያንን ትምህርት ያላስተማረን ሰው ብቁ አይደለም የሚል መስፈርት የሚያወጡ ዲስትሪክቶች አሉ። እዚያ ፈቃዱ ብቻውን አያድንም፤ የእርስዎ ዲስትሪክት ምን እንደሚል ቅነሳ ሳይመጣ በፊት ጠይቆ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሌላው ምክንያት ከግዛት ግዛት መዘዋወር ነው። የእኛ ሰው ቤት ኪራይ ሲከብደው፣ ዘመድ ሲጠራው ወይም ሥራ ሲገኝ ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ወደ ዴንቨር፣ ከሎስ አንጀለስ ወደ ላስ ቬጋስ ይሄዳል። በ2023 ኮሎራዶና ኔቫዳን ጨምሮ 10 ግዛቶች ያጸደቁት የመምህራን የዝውውር ስምምነት ሥራ ላይ የሚውልበትን ደረጃ አገኘ። የተዘጋጀው ግን ለመምህራን ነው፤ የሚጠቅመውም ስምምነቱን ባጸደቀ ግዛት የጸና ፈቃድ ላለው ሰው ነው። የአማካሪነት ፈቃድ ብቻ የያዘ ሰው በየግዛቱ በር ላይ እንደ አዲስ ይመዘናል። በልዩ ፍላጎት ትምህርት፣ በሂሳብ ወይም እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ በማስተማር የተመዘገበ ፈቃድ ያለው ሰው ደግሞ አዲስ ከተማ ገብቶ የአማካሪ ቦታ እስኪያገኝ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም።

ከዚሁ ወገን የሚነሳ አንድ መከራከሪያ ግን አልተዋጠልኝም። «ፈቃዴን ከተውኩ መምህራን እንደ ባልደረባ አያዩኝም» የሚለው ነው። መነሻው ይገባኛል። የአማካሪነት ሙያ ከመምህርነት ማሕፀን የወጣ ነው። ጄሲ ዴቪስ በ1907 ግራንድ ራፒድስ ውስጥ የሙያ ምክርን በእንግሊዝኛ የጽሑፍ ክፍለ ጊዜ ውስጥ አስገብቶ ያሰጥ የነበረ ርዕሰ መምህር ነበር። ሶቪየቶች በ1957 ስፑትኒክን ካመጠቁ በኋላ አሜሪካ በ1958 ባወጣችው የብሔራዊ መከላከያ የትምህርት ሕግ ገንዘብ ከሠለጠኑት አማካሪዎች ብዙዎቹ መምህራን ነበሩ። ቴክሳስም እስከ 2023 ድረስ ሁለት ዓመት ያላስተማረን ሰው አማካሪ አታደርግም ነበር። ነገር ግን መምህራኑ የሚያከብሩት ፈቃዱን ሳይሆን ልምዱን ነው። ሠላሳ ስምንት ልጆችን በአንድ ክፍል ይዞ የነበረ ሰው ያገኘው ዕውቀት ፈቃዱ ባለቀበት ቀን አብሮ አይጠፋም። ለክብር ሲባል የሚታደስ ፈቃድ ድካሙ ለማይመለስ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሌላው ወገን። ይቅር የሚሉት የሚያነሱት ጉዳይ ቢሮ ውስጥ ለማይውል ሰው ላይታይ ይችላል፤ እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

የሰኞ ጠዋት ነው እንበል። የአልጀብራ መምህሩ ታሞ ቀርቷል፤ ተተኪ አልተገኘም። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በመገናኛ ሬዲዮው የሚጠይቀው «ማነው ፈቃድ ያለው?» ብሎ ነው። አማካሪዋ የሂሳብ መምህር እንደነበረች፣ ላይሰንሷም እንደጸና ያውቃል። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሃያ ስምንት ልጆች ፊት ትቆማለች። ለሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ቀጠሮ የያዘችው ልጅ፣ ከትናንት ወዲያ ማታ የላከችው መልእክት ጓደኛዋን ያስፈራባት ልጅ፣ የተዘጋ በር ታገኛለች። በሩ ላይ «ቆይቼ እመጣለሁ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ልጅቷ ቆይታ ትመለስ ይሆናል፤ ላትመለስም ትችላለች።

ይህ አንድ ጠዋት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለአንድ አማካሪ 250 ተማሪ ነው የሚለው። የአገሪቱ አማካይ በ2022–23 የትምህርት ዘመን 385፣ በ2023–24 ደግሞ 376 ነበር። ማኅበሩ ከአማካሪ ጊዜ ቢያንስ 80 በመቶው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለተማሪዎች አገልግሎት እንዲውል ይመክራል፤ በቀረ መምህር ቦታ ክፍል መያዝንም ለአማካሪ የማይገባ ሥራ ብሎ ዘርዝሮታል። በስም የተጠቀሰ ነገር መሆኑ ብዙ ይናገራል፤ የማይደረግ ቢሆን ኖሮ ማንም አይዘረዝረውም ነበር። ስለዚህ አንዳንድ አማካሪዎች ፈቃዳቸውን የሚተዉት ሆን ብለው ነው፤ መጠባበቂያ መምህር ሆነው ላለመቆጠር።

ስሜታቸው ይገባኛል፤ መድኃኒቱ ግን ይህ መሆኑን እጠራጠራለሁ። የሰው እጥረት ባለበት ትምህርት ቤት ፈቃድ የሌለውም አማካሪ ወደ ምግብ አዳራሽ፣ ወደ ፈተና ክፍል፣ ወደ አውቶቡስ መጠበቂያ ይላካል። ከዚህ የሚከላከለው ዓመቱ ሲጀመር ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተቀምጦ ጊዜው በምን በምን እንደሚውል በጽሑፍ መስማማት ነው። ማኅበሩም ለዚሁ ዓመታዊ ውይይት የሚሆን ቅጽ አዘጋጅቷል። እንዲህ ያለ ወረቀት ፈርማ ያስቀመጠች አማካሪ ፈቃድ ቢኖራትም «ዛሬ አንድ ጊዜ እረዳችኋለሁ፣ ልማድ እንዲሆን ግን አልስማማም» ለማለት የምትቆምበት መሬት አላት።

የጊዜው ጉዳይ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። አማካሪ የሚማረው ነገር በዝቷል። ቨርጂኒያ አማካሪ ፈቃዱን ሲያድስ የአእምሮ ጤና መታወክንና የባሕርይ ጭንቀትን ለይቶ ስለማወቅ፣ ድባቴን፣ የወጣቶችን ራስን ማጥፋትና ሱስን ጨምሮ፣ እንዲሠለጥን በሕግ ትጠይቃለች። ኮሌጅ ለሚገቡ ልጆች የሚሞላው የፌዴራል የገንዘብ እርዳታ ቅጽ በዲሴምበር 2023 መጨረሻ ተለውጦ ሲወጣ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌላቸው ወላጆች ለወራት ሊሞሉት አልቻሉም ነበር። ጥገኝነት ጠይቀው ጉዳያቸው ያላለቀ፣ ልጃቸው ግን ዜጋ የሆነ የእኛም ቤተሰቦች ከእነዚህ መካከል አሉ። እናትየው ስልክ ደውላ «እኅቴ፣ ኮምፒዩተሩ አልቀበልም አለኝ፣ የልጄ ነገር እንዴት ይሁን?» ስትል መፍትሔውን የሚያውቅ አማካሪ ያስፈልጋታል። ጊዜው የሚገባው እንዲህ ላለው ነው። ለአልጀብራ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት የወጣ 30 ሰዓት ለእሷ ጥያቄ አልዋለም።

ይህ ክርክር ጠንካራ የሚሆነው ግን የመምህርነቱና የአማካሪነቱ የሥልጠና ሰዓቶች በእርግጥ ሲለያዩ ነው። ቴክሳስ ላይ አይለያዩም። ማሳቹሴትስ ላይ በከፊል ይለያያሉ። ቀውስ ላይ ያለን ልጅ ስለ መርዳት ወይም ከቤተሰብ ጋር ስለ መሥራት የሚሰጥ ትምህርት ለሁለቱም ሙያ የሚቆጠርበት ዕድል አለ፤ የመምህርነቱ የትምህርት ይዘት ነጥብ ግን ከዚያ አይወጣም።

በመካከል አንድ የተሳሳተ ወሬ ላጥራ። «ፈቃዴን የማድሰው የተማሪ ብድሬ እንዲሰረዝ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ለመምህራን ብቻ የሆነው የፌዴራል የብድር ስረዛ፣ እስከ 17,500 ዶላር የሚደርሰው፣ አምስት ተከታታይ ዓመታት ክፍል ውስጥ በሙሉ ጊዜ ማስተማርን ይጠይቃል፤ ፈቃድ ኪስ ውስጥ መያዝ አይበቃም። የሕዝብ አገልግሎት ሠራተኞች የብድር ስረዛ በበኩሉ 120 ክፍያ ለፈጸመ ሰው ሲሆን፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት አማካሪ በአማካሪነቱ ይካተትበታል። ብድር በየትኛውም በኩል ይህን ውሳኔ አይነካውም።

ከስሌቱ ባሻገር ሰው ራሱን እንዴት እንደሚያይ አለ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንዲት ወጣት አማካሪ ጡረታ የወጡ መምህርን «ጋሼ፣ ላድሰው ወይስ ይቅርብኝ?» ብላ ብትጠይቅ መልሳቸውን መገመት አይከብድም፦ «ልጄ፣ የያዝሽውን ለምን ትጥያለሽ? ነገ የሚሆነው አይታወቅም።» የሥራ ጓደኛዋ ደግሞ «አንቺ ልጅ፣ ወስነሽ ወጥተሻል አይደል፤ ልብሽን ለምን ሁለት ቦታ ትከፍያለሽ?» ትላታለች። ጋሼ የሚናገሩት ከስደት ሕይወት ነው፤ እሳቸው በኖሩበት ዘመን አንድ ወረቀት መጣል ቤተሰብን ማስራብ ሊሆን ይችል ነበር። ጓደኛዋ የምትናገረው ከልጆቹ በኩል ነው። አማካሪው «ካልሆነ እመለሳለሁ» እያለ የሚሠራ ከሆነ ይታወቅበታል፤ ልጆች ይህን ቶሎ ያነባሉ። ሁለቱም ለልጅቷ አስበው ነው የሚናገሩት።

የእኔን ሚዛን ልንገራችሁ። ፈቃዱ አንድ በሆነበት ወይም ተጨማሪ ሰዓት በማይጠየቅበት ግዛት አለማደስ ምክንያት የለውም። ተጨማሪ ነጥብ በሚጠየቅበት ግዛት በአማካሪነት የመጀመሪያ ዙሮች፣ የቅጥር ቀደምትነት ገና ሳይጠራቀምና በጀቱ ሲወዛወዝ፣ ማደስ ተገቢ ነው እላለሁ፤ 30 ነጥብ በ5 ዓመት ላይ ሲበተን የሚቻል ነው። ከዚያ በኋላ፣ ቦታው ሲጸናና የአማካሪነቱ ሥልጠና ሲከብድ፣ ያለ ጸጸት መተው ይቻላል። መተው ደግሞ ለዘላለም መቅበር አይደለም፤ ማሳቹሴትስና ቴክሳስ ጊዜው ያለፈበትን ፈቃድ ለጊዜው የማይሠራ ብለው ይመዘግቡታል፣ የተጠየቀውን ነጥብ ወይም ሰዓት ያሟላ ሰው መልሶ ያነሳዋል። ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት የቀራትን አማካሪ ግን በፍጹም አድሺ አልላትም፤ እነዚያን ሰዓታት ለልጆቹ ትስጥ።

አንድ ነገር ግን ሚዛኑ ላይ ሳይወጣ እንዳይቀር እፈልጋለሁ። በእነዚህ ሁሉ ሁኔታዎች ክፍያውንም ሰዓቱንም የሚሸከመው አማካሪው ነው፤ ክፍል ያለ መምህር ሲቀር በፈቃዱ የሚጠቀመው ግን ዲስትሪክቱ ነው። ዲስትሪክቱ አማካሪዎቹን እንደ ተጠባባቂ መምህራን መቁጠር ከፈለገ የማደሻውን ክፍያ ይሸፍን፣ የሥልጠናውንም ሰዓት ከሥራ ሰዓት ውስጥ ይስጥ። የመምህራን ማኅበራት ለሚቀጥለው የሥራ ውል ድርድር ሲቀመጡ ይህን እንደ አንድ አንቀጽ ቢያቀርቡት፣ አማካሪዎች ብቻቸውን በየቢሮአቸው የሚያሰሉት ሒሳብ በግልጽ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል።